በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲከሰሱ ጠበቃ ማቆም

አሜሪካ ውስጥ በወንጀል የተከሰሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ስቴት ወይም ካውንቲ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል ክስ ግን ሌላ ቤት ነው። ከሳሹ ራሱ የአገሪቱ መንግሥት ነው። መርማሪዎቹም ኤፍቢአይ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪው ዲኢኤ ወይም የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሰውየው ከመያዙ በፊት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የፈጀ ምርመራ አልቋል። ጉዳዩ የሚታየው በአገሪቱ ካሉት 94 የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ነው። ጠጥተው ያሽከረከሩትን ካውንቲ ፍርድ ቤት በማስለቀቅ ስም ያወጣ ጠበቃ እዚህ ሲገባ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መብቱ ከየት መጣ

መነሻው በ1791 የጸደቀው ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ተከሳሽ በጠበቃ የመታገዝ መብት አለው ይላል። ነገር ግን ለ150 ዓመት ገደማ ይህ በተግባር የሠራው ገንዘብ ላለው ሰው ነበር። የሞት ቅጣት ለሚያስከትል ክስ ብቻ ጠበቃ እንዲመደብ ገና ከ1790 ጀምሮ በሕግ ተደንግጎ ነበር።

ነገሩን የለወጠው የሁለት ማሪን ወታደሮች ጉዳይ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ውስጥ ሐሰተኛ ባለ 20 ዶላር ኖት ይዛችሁ ተገኝታችኋል ተብለው ተከሰሱ። በከተማው ዘመድ አልነበራቸውም፤ ገንዘብም አልነበራቸውም። ክሱ የተነገራቸው፣ ጥፋተኛ የተባሉትና ቅጣት የተጣለባቸው በአንድ ቀን ነው። ከጎናቸው የቆመ ጠበቃ አልነበረም። አራት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። ከሁለቱ አንዱ፣ ጆንሰን፣ አትላንታ እስር ቤት ሆኖ አቤት አለ። በ1938 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ “ጆንሰን በዘርብስት ላይ” በተባለው መዝገብ ውሳኔ ሰጠ። ዘርብስት የእስር ቤቱ ኃላፊ ነበር። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሁጎ ብላክ ናቸው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቃ ያልነበረው ሰው፣ መብቱን እያወቀ ካልተወው በቀር፣ ሊፈረድበት አይችልም ተባለ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን የጊዲዮንን ታሪክ ነው። ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን በ1961 ፍሎሪዳ፣ ፓናማ ሲቲ አካባቢ ፑል ቤት ሰብረህ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ ስጡኝ ቢልም ዳኛው የስቴቱ ሕግ ለሞት ቅጣት ክስ ብቻ ነው የሚፈቅደው አሉት። ራሱ ተከራክሮ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ዋሽንግተን ደረሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኤብ ፎርታስ የሚባሉ ስመ ጥር ጠበቃ መደበለት። ማርች 18 ቀን 1963 ተፈረደለት። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ክሱ እንደገና ሲታይ ጠበቃ ይዞ ቀረበ። ጁሪው አንድ ሰዓት ያህል ተመካክሮ ነፃ አወጣው። ታሪኩ የሚነገርለት ነው፤ ነገር ግን የስቴት ጉዳይ ነው። ፌዴራሉ ቤት ከእሱ 25 ዓመት ቀድሞ ነበር።

ከ1938 በኋላም አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይሾማል፤ ለጠበቃው የሚከፍል ግን የለም። ይህ 26 ዓመት ቆየ። ሮበርት ኬኔዲ የፍትሕ ሚኒስትር ሳሉ ጉዳዩን ገፉበት፤ በኦገስት 1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሲጄኤ በሚል አህጽሮት የሚታወቀውን የወንጀል ፍትሕ ሕግ ፈረሙ። ክፍያው ፍርድ ቤት ለተቆመበት ሰዓት 15 ዶላር፣ ከዚያ ውጭ ላለው 10 ዶላር ነበር። በ1970 ሕጉ ተሻሽሎ ቋሚ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤቶች እንዲቋቋሙ ፈቀደ።

ነፃው ጠበቃ

እኛ ሐበሾች ዘንድ “የመንግሥት ጠበቃ” ሲባል ፊት ይጠቁራል። “ከሳሹም መንግሥት፣ ጠበቃውም መንግሥት!” ይባላል። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአንዳንድ ስቴቶች አንድ ተከላካይ ጠበቃ የሚሸከመው የመዝገብ ብዛት በእርግጥ ያስደነግጣል። የፌዴራሉ ግን ለየት ይላል። የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ የሚሾመው የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው፤ ዘመኑም 4 ዓመት ነው። ከዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ጋር አለቃም በጀትም አይጋራም። ጠበቆቹ ዓመቱን ሙሉ የፌዴራል ወንጀል ሲከራከሩ ይውላሉ። የራሳቸው መርማሪዎች አሏቸው። የትኛው ዳኛ በምን እንደሚቆጣ ያውቃሉ።

ከእነዚህ ቢሮዎች የወጡት ሰዎች ቀላል አይደሉም። አሁን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተቀመጡት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ከ2005 እስከ 2007 ዋሽንግተን ውስጥ የፌዴራል ተከላካይ ጠበቃ ነበሩ። ብዙ ወገናችን በሚኖርባት አሌክሳንድሪያ የሚያስችለው የምሥራቅ ቨርጂንያ ዲስትሪክትም የራሱ ተከላካይ ጽሕፈት ቤት አለው። የመጀመሪያው ኃላፊ ፍራንክ ደናም በ2004 ያለ ክስ በወታደራዊ እስር ቤት የተያዘውን የያስር ሐምዲን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ይዘው ተከራክረዋል። አድልዎ ካለብኝ ለእነዚህ ቢሮዎች ነው።

አንድ ክስ ብዙ ተከሳሾች ሲኖሩት ጽሕፈት ቤቱ ሁሉንም መወከል አይችልም፤ ጥቅማቸው ይጋጫል። ለቀሩት ፍርድ ቤቱ “የሲጄኤ ፓነል” ከሚባለው ዝርዝር የግል ጠበቃ ይመድባል። የሰዓት ክፍያቸው በ2025 175 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ መጀመሪያ ላይ የተመደበው ገንዘብ አልቆ ጠበቆቹ ለወራት ያለ ክፍያ ሠርተዋል። በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ቋሚዎቹ ጠበቆች ከፓነሎቹ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ ይላል። ፓነል ውስጥ ግን አንጋፋና ጎበዝ ጠበቆች አሉ፤ የሚነጻጸሩት መዛግብትም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይከብዳል።

ነፃ ጠበቃ ለማግኘት የግድ ባዶ እጅ መሆን አይጠበቅም። መለኪያው ሰውየው ራሱ ጠበቃ ማቆም የሚችል ነው ወይ የሚለው ነው። ማመልከቻው ሲጄኤ 23 የሚባል ቅጽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞላው ማርሻል በሚባሉት የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠባቂዎች ማቆያ ክፍል፣ ዳኛ ፊት ከመቅረብ ጥቂት ደቂቃ በፊት ነው። ጠበቃው ከሽቦው ወዲያ ተቀምጦ ይጠይቃል። ገቢ? ባንክ ያለው? ቤት? መኪና? የሚያስተዳድራቸው ቤተሰቦች? የኡበር ሹፌር እዚህ ላይ ግራ ይገባዋል። ሳምንቱን ሙሉ የገባውን ይናገር ወይስ ነዳጅና ኢንሹራንስ ተነሥቶ የሚተርፈውን? ዕቁቡስ? ገና ያልደረሰው ዕቁብ ሀብት ነው? የደረሰውስ ዕዳ አይደለም? ቅጹ የሚፈረመው በሐሰት ቢሞላ እንደሚያስቀጣ ታውቆ ነው። ስለዚህ ነገሩን ለጠበቃው እንዳለ መንገርና እሱ በየቦታው እንዲያስገባው መተው ነው።

ከፍሎ ማቆም

አቅም ያለው ሰው የፈለገውን ጠበቃ የመምረጥ መብት አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 በጎንዛሌዝ ሎፔዝ መዝገብ ይህን አጽንቷል። የተመደበለት ግን አይመርጥም። ከወንጀል ተገኘ በተባለ ገንዘብ ጠበቃ ማቆም አይቻልም፤ ንጹሕ ገንዘብን ግን መንግሥት ጠበቃ እንዳያቆሙበት ሊያግድ አይችልም። ይህ በ2016 በሉዊስ ጉዳይ ተወስኗል።

ክፍያው እንደ ክሱ ይለያያል። አንዳንዱ በሰዓት፣ አንዳንዱ በቁርጥ ዋጋ ይሠራል። ብዙ ተከሳሽና ብዙ ሰነድ ያለበት ክስ በመቶ ሺህ ዶላሮች ሊቆጠር ይችላል። “ካላሸነፍኩ አልቀበልም” የሚባል ውል በወንጀል ጉዳይ ክልክል ነው። ቁርጥ ዋጋው የፍርድ ሂደቱን ይጨምር እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ዘመድ አዋጥቶ ሲከፍል ደግሞ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው፣ ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው የተቀበለ ጠበቃ ቅጽ 8300 ሞልቶ ለአይአርኤስ ማሳወቅ አለበት። ሁለተኛው፣ ከፋዩ ደንበኛ አይደለም። አጎት ስለከፈለ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የማወቅ መብት የለውም። ውይይቱ ላይ መቀመጡም ምስጢሩን ሊያስፈርስ ይችላል።

ጠበቃው በዚያ ዲስትሪክት ለመቆም የተፈቀደለት መሆን አለበት። ከሌላ ስቴት የሚመጣ የፍርድ ቤቱን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የአካባቢ ጠበቃ አብሮት ይቆማል። ከዚህ በፊት የያዛቸውን የፌዴራል መዛግብት ማንም ፔሰር በሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ማየት ይችላል። ዋጋው በገጽ 10 ሳንቲም ነው፤ በሦስት ወር ከ30 ዶላር ካላለፈ አያስከፍልም። “ዳኛውን አውቀዋለሁ” የሚል ጠበቃ ካጋጠመ መውጫው በር የት እንደሆነ ማየት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከክሱ በፊት ነው

የጠበቃ ጥቅም የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው። መርማሪ በር ሲያንኳኳ መዋሸት በራሱ እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። ዝም ማለት ግን አያስቀጣም። “በጠበቃዬ በኩል አነጋግሩኝ” ማለት ይበቃል። ከተያዘ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ይታሰር ብሎ ከጠየቀ ችሎቱ በቀናት ውስጥ ይሰማል። የፌዴራል ዋስትና በአብዛኛው ገንዘብ የማስያዝ ጉዳይ አይደለም፤ የሚታየው ይጠፋል ወይ፣ አደገኛ ነው ወይ የሚለው ነው። ከእስር ቤት በስልክ የሚወራ ይቀዳል። በአማርኛ ስለተወራ አይገባቸውም የሚል ሰው ትርጉሙን በኋላ መዝገቡ ላይ ያገኘዋል።

ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር በፊልም እንደሚታየው አይደለም። በ2022 የበጀት ዓመት ከ71,954 የፌዴራል ተከሳሾች ችሎት ቆመው ነፃ የወጡት 290 ብቻ ናቸው። 90 ከመቶ ያህሉ ጥፋታቸውን አምነዋል። ስለዚህ የጠበቃው ዋና ሥራ ድርድሩና የቅጣቱ ስሌት ነው።

ቋንቋና ግሪን ካርድ

ከ1978 ጀምሮ መንግሥት በከሰሰው ሰው ችሎት አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በሕግ ተቀምጧል። የፌዴራሉ የአስተርጓሚነት ፈተና አሁን የሚሰጠው ለስፓኒሽ ብቻ ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚዎች በሌላ መመዘኛ ይመረጣሉ። “ገብቶኛል” ብሎ ራስ መነቅነቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

ዜጋ ያልሆነ ሰው ከእስሩ በላይ የሚፈራው መባረርን ነው። ሆዜ ፓዲያ ከ40 ዓመት በላይ ግሪን ካርድ የነበረው የቬትናም ዘማች ነበር። ጠበቃው “አገሩ ውስጥ ስለቆየህ አትስጋ” አለውና ጥፋቱን አመነ። ምክሩ ስሕተት ነበር። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይህን በትክክል የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። በማጭበርበር ክስ ከ10,000 ዶላር በላይ ኪሳራ ከተመዘገበ ዲፖርት ያስደርጋል። የዚያ ቁጥር ድርድር ከእስር ወራቱ ድርድር እኩል ይመዝናል።

ቅጣት ከተወሰነ በኋላ የይግባኝ ማስታወቂያ የሚገባው ውሳኔው በተመዘገበ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ደንበኛው ይግባኝ በልልኝ ካለ፣ ጠበቃው ባያምንበትም ማስታወቂያውን ማስገባት አለበት።