መኪና ከተሸጠ በኋላ ቅጣቱ የማን ነው?

ባሕር ዳር ላይ መኪና ከሰው ለሰው ሲሸጥ፣ ነገሩ ጣና ዳር ካፌ ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ደላላው መሃል ይቀመጣል። ሊብሬው ይገለጣል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከውሉ ጋር ይመሳከራል። እማኞች ይፈርማሉ፣ ብሩ በሞባይል ይገባል፣ ቁልፉ ለገዢው ይሰጣል። ሻጭ “ተገላገልኩ” ብሎ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የእሱ ነው።

በግ ሸጦ ገመዱን ማስረከብና መኪና መሸጥ ለየቅል ናቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1186 እንደሚለው፣ ተራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ገዢው እጅ ሲገባ ባለቤትነቱም አብሮ ይተላለፋል። መኪናን ግን ለልዩ ሕግ ትቶታል። የተሽከርካሪ ምዝገባ ዛሬ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ሾፌሩን አስቁሞ ከቀጣው ጣጣው የሾፌሩ ነው፤ የሻጩን ደጅ አያንኳኳም። ችግር የሚመጣው ሾፌሩ ሳይገኝ ሲቀር ነው። መኪናው ክልክል ቦታ ቆሞ ወይም ገጭቶ አምልጦ ከሆነ ፖሊስ እጅ ላይ ያለው ታርጋው ብቻ ነው። ታርጋው ወደ መዝገቡ ይመራል፣ መዝገቡ ደግሞ ወደ ሻጩ።

ከቅጣት የሚከፋው ካሳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳውም እንኳ። መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ሸጦ ያስረከበ ሰው ደግሞ “ተሰረቅኩ” ሊል አይችልም።

ብዙ ሰው ስም ማዞሩን ወጪና ምልልሱን ፈርቶ ያቆየዋል። በምትኩ ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጣል። ገዢውም በዚያው ውክልና እየነዳ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል። ይህ ለሁለቱም ክፉ ነው። ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ወካዩ ከሞተም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ይቀራል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ሊጋፈጥ ነው።

ውል ሲጻፍ ርክክቡ የተደረገበት ቀን ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱም ይግባ። ጠዋት አራት ሰዓት የተቀጣና ከሰዓት በኋላ የተሸጠ መኪና ክርክር የሚያስነሳው እዚህ ላይ ነው። “እስከዚህ ሰዓት ያለው ቅጣት የሻጭ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የገዢ” ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህ ቃል የተጎዳውን ሦስተኛ ሰው አያስርም። ሻጩ ከፍሎ ከተገኘ ግን ገዢውን ለመጠየቅ ጥሩ ማስረጃ ይሆነዋል። የገዢው መታወቂያ ኮፒም ከውሉ ጋር ይቀመጥ።

የሚቻል ከሆነ ግን ቁልፉ ካፌ ላይ አይሰጥ። ሁለቱም አብረው ትራንስፖርት ቢሮ ይሂዱ፤ ሊብሬው በገዢው ስም ሲወጣ ቁልፉ እዚያው ይሰጥ።