«ባለ 8 ጊጋ ግራፊክስ ነው» ሲባሉ

ባለፈው ክረምት አርክቴክቸር የምታጠናውን የእህቴን ልጅ ይዤ አዳማ ውስጥ ላፕቶፕ ፍለጋ ወጣሁ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ሻጩ አንዱን አነሳና «ይህ ባለ 8 ጊጋ ግራፊክስ ነው» አለን። የልጅቷ ፊት በራ። ገንዘቡ እናቷ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ስለሆነ፣ መጀመሪያ ይከፈትና እንየው አልኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ግራፊክስ የሚባለው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራው ክፍል ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተካተተው፣ ኢንተግሬትድ የሚባለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም፣ ማለትም ከዋናው የሥራ ሜሞሪ፣ እየተበደረ ይሠራል። ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ራሙ ግማሽ እንዲበደር ይፈቅድለታል። ስለዚህ 16 ጊጋ ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ሁሉ ወደ 8 ጊጋ የሚጠጋ «ግራፊክስ» ያሳያል። ሻጩም ያነበበልን ይህንኑ ነው። ራሱን የቻለው፣ ዴዲኬትድ የሚባለው ግን የራሱ ቺፕና ለእርሱ ብቻ የተመደበ ፈጣን ሜሞሪ አለው።

መለየቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ይክፈቱ። ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ (የግራፊክሱ ቺፕ) የሚለውን ሲነኩ «ዴዲኬትድ» እና «ሼርድ» የሚሉ መስመሮች ይወጣሉ። ሼርድ የሚለው የብድሩ ነው፤ ይተዉት። የዴዲኬትዱ ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንድ ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች ለተካተተው ግራፊክስ ከራሙ ላይ 512 ሜጋ ወይም 2 ጊጋ ቆርጠው ያስቀምጣሉና ከላይ የተጻፈውን ስም አብረው ያንብቡ። እኛ ያነበብነው ኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ የሚል ነበር፤ የተካተተ ነው።

«ራዲዮን ካለው ዴዲኬትድ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። ራዲዮን የኤኤምዲ የግራፊክስ መጠሪያ ነው፤ ኩባንያው ስሙን ለሁለቱም ይጠቀምበታል፤ ቬጋ 8 የተካተተ ነው፣ አርኤክስ 6600ኤም ራሱን የቻለ። «አይ 7 ስለሆነ ግራፊክሱ ጠንካራ ነው» ለሚሉም፣ አይ 7 የፕሮሰሰር መጠሪያ እንጂ የግራፊክስ አይደለም።

«አሁን ይግዙት፣ የግራፊክስ ካርዱ በኋላ ይጨመርለታል» የሚለው ምክር ያናድደኛል። በብዙ ላፕቶፖች ራም ሊጨመር ይችላል፤ የግራፊክሱ ቺፕ ግን በአብዛኛው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ያን ቀን የገዙት ነው የሚቀርዎት።

ይህን ስል ሁሉም ሰው ዴዲኬትድ ይግዛ ማለቴ አይደለም። ለሒሳብ ሥራ፣ ለጽሑፍ፣ ለፊልም፣ በአውቶካድ ቀለል ያለ ባለ ሁለት ገጽታ ንድፍ ለመሥራት እንኳ የተካተተው ይበቃል። ዴዲኬትዱ ሥራ ሲበዛበት ባትሪ ይጨርሳል፣ ይግላል፤ የአዳማ ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ማራገቢያው እረፍት አያገኝም። የተካተተውን የያዘ ሰው ላፕቶፑ አንድ የራም ቁራጭ ብቻ ካለው፣ ቦታው ካለ ተመሳሳይ ሁለተኛ ቢያስገባ ግራፊክሱ በግልጽ ይፈጥናል።

የእህቴ ልጅ ግን የሕንፃ ሬንደር፣ ማለትም ንድፉን እውነተኛ የሚመስል ምስል የማድረግ ሥራ፣ ትሠራለች፤ ለእርሷ ዴዲኬትዱ ያስፈልጋታል። አራተኛው ሱቅ ስንገባ ቁልፎቹን ራሷ ተጫነች። ጂፒዩ 0 ላይ የኢንቴሉ፣ ጂፒዩ 1 ላይ ራሱን የቻለው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1650፣ ዴዲኬትድ 4 ጊጋ። ሁለቱም መታየታቸው ጤናማ ነው፤ ላፕቶፑ እንደ ሥራው ክብደት ያፈራርቃቸዋል። ዋጋውን የተከራከረችውም እርሷው ናት።