«ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ ቻርጅ አይደረግም» ያላችሁ ማን ነው?

የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ አሁን አራት የቻርጅ መብራቶች ተቀምጠዋል። አራቱም አምፖላቸው ደህና፣ ማብሪያ ማጥፊያቸው ደህና፤ የሞተው ባትሪያቸው ነው። የባለቤቶቹም ቃል አንድ ነው፦ «ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ ሰክቼው አላውቅም፤ እንዴት ተበላሸ?» የተበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ስንት ዓመቴ!

ምክሩ ድሮ ለነበረው ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይሠራ ነበር፤ እሱን አልፎ አልፎ ጨርሶ መጠቀም ይጠቅመው ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። ከበድ የሚለው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ዘር ነው። ቀለል የሚለው ሊቲየም ነው። ሁለቱንም ሙጥጥ ማድረግ ይጎዳቸዋል፤ እርሳሱን ግን ይብስበታል። ባዶውን ሲቀመጥ በውስጡ ባሉት ዝርግ የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው መሰል ነገር ይጋገርበታል፤ ሲቆይ ይደድርና ከዚያ ወዲያ ቢሰኩትም አይሞላም።

በ2011 ግንቦት የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ ሰፈራችን በሙሉ የቻርጅ መብራት ገዛ። ፈረቃው ሲቀር መብራቱ በየቁም ሳጥኑ ገባ። ከወራት በኋላ ደግሞ እኔ ዘንድ መጣ። አንዱ የእናቴ ነበር። ከፍቼ በቴስተር ስለካው ባለ 4 ቮልቱ ባትሪ 0.9 ቮልት ብቻ አነበበ።

«እማዬ፣ መጨረሻ የሰካሽው መቼ ነው?»

«መብራት ሳይጠፋ ምን ብዬ እሰካዋለሁ? እንዳያረጅ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር እኮ ልጄ።»

ባትሪ ተቀምጦም ይጎድላል። ስለዚህ ተጠቅማችሁበት መብራት እንደመጣ መልሳችሁ ስኩት፤ ግማሽ ላይ ሆኖ ቢሰካ ምንም አይሆንም። ባትጠቀሙበትም የእርሳሱን በየወሩ፣ ሊቲየሙን በየሁለት ሦስት ወሩ ቻርጅ አድርጉት። እናቴ አሁን በየወሩ በልደታ ቀን ትሰካዋለች፤ አዲሱ ባትሪዋ እስካሁን ደህና ነው። ይሰካ ስላልኩ ግን ለሳምንት ሶኬት ላይ ይረሳ ማለቴ አይደለም። ርካሾቹ ሲሞሉ የሚያቋርጥላቸው ነገር ስለሌለ ባትሪው ይግላል፣ ያብጣል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ቆጥራችሁ ንቀሉት።

ሰሞኑን ደግሞ «ግድቡ አልቋል፣ ከእንግዲህ የቻርጅ መብራት ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ በዝተዋል። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 መመረቁ እኔንም አስደስቶኛል። ኃይሉ ቤታችን የሚደርሰው ግን በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በምሰሶው ሽቦ ነው። ዝናብና ነፋስ ሽቦውን ሲጥሉት፣ ትራንስፎርመሩም ጭነት በዝቶበት ሲቃጠል፣ ግድቡ ሞልቶም ቢሆን መብራት ይጠፋል።

ሌላም የምሰማው አለ፦ «9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ብዙ ሰዓት ያበራል።» ውሸት ነው። 18650 የሚባለው፣ ከትንሹ (ኤኤ ከሚባለው) ድንጋይ ባትሪ ትንሽ ወፈር ያለው ሊቲየም፣ ጥሩ የሚባለው እንኳ 3500 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። ደህናው 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እጃችሁ ላይ ክብደት የሌለው ሆኖ ከተሰማችሁ ለሻጩ መልሱለት።

«ዋቱ ከበዛ ብርሃኑ ይበዛል።» ዋት የሚበላው ኃይል ነው፤ ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። መብራት ለጠፋበት ቤት ደግሞ ዋቱ አነስ ቢል ባትሪው ይቆይላችኋል።

መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራውን አምፖል ገዝተው «አይሠራም» ብለው የሚመልሱም አሉ። አንዱን ደንበኛ ቤቱ ድረስ ሄጄ አየሁለት፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁልጊዜ ያጠፋዋል። እንደጠፋ ከዋለ አምፖሉ ቻርጅ አያደርግም፤ መብራት ሲሄድም አይበራም። መብራት ባለ ጊዜ አብርታችሁ አስሞሉት፤ ሲጠፋም ማብሪያ ማጥፊያውን አትንኩት።

ሻማ «ለአንድ ምሽት ምንም አይል» ይባላል። ቴሌቪዥን ላይ ወይም ፕላስቲክ ሳህን ላይ የተለጠፈ ሻማ ቤት ለማቃጠል አንድ ምሽት አይፈልግም። የግድ ከሆነ አሸዋ በሞላ ጣሳ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሳትተኙም አጥፉት። ልጅ ደብተር ዘርግቶ የሚያጠናበት ጠረጴዛ ላይ ግን ጭራሽ ይቅር።