ከፍና ዝቅ የሚል መደርደሪያ፦ ስለ ቀዳዳ መብሻ መሪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ አይወዛወዝም። ጉልቻዎቹ እኩል ባይሆኑ ያዘም ይሆናል እንጂ ሦስቱም ላይ ያርፋል። መደርደሪያ ግን የሚያርፈው በጎን ጣውላዎቹ ቀዳዳ ውስጥ በሚሰኩ አራት ፒኖች (አጫጭር ዘንጎች) ላይ ነው። ከአራቱ አንዷ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለች ጣውላው በሦስቱ ላይ ቆሞ አራተኛው ማዕዘን ባዶ ይቀራል፤ ስኒ በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ኳ ኳ ይላል። የቁምሳጥን፣ የብፌና የሱቅ መደርደሪያ ቀዳዳዎች በመሪ የሚበሱት ለዚህ ነው። መሪ ማለት በእኩል ርቀት የተበሳ፣ ፑንታውን (ቀዳዳ የሚበሳውን ብረት) ቀጥ አድርጎ የሚያስገባ ወፍራም እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም ብረት ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ እንጨት የሚሠራ ሰው ሊገዛው ወይም በግማሽ ቀን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው መሪው የማያደርገውን ነገር ያደርጋል ተብሎ ሲታመን ነው።

“መሪ ካለ መለካት አያስፈልግም”

ከሁሉም የሚብሰው ስሕተት ይህ ነው። መሪው የሚጠብቀው በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። የቁምሳጥኑ ታች የት እንደሆነ አያውቅም፤ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ቦታ የሚወስነው ሠሪው ነው። አራቱም የቀዳዳ ረድፎች (በእያንዳንዱ ጎን ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት) ከአንድ መነሻ፣ ማለትም ከጎን ጣውላው የታች ጫፍ፣ ካልተነሡ መሪው ስሕተቱን በጥንቃቄ እየደገመ ይሄዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የጎን ጣውላዎች መጀመሪያ በአንድ ርዝመት ይቆረጡ፤ የታች ጫፋቸው ከፊት ጠርዛቸው ጋር ቀጥ ማለቱ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ይታይ። ከዚያ የውስጥ ገጻቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ የፊት ጠርዛቸው መሃል ላይ ተገናኝቶ፣ እንደተከፈተ መጽሐፍ ጎን ለጎን ይነጠፉ። በእያንዳንዱ ላይ “ታች” እና “ፊት” ተብሎ በእርሳስ ይጻፍ። መሪው ላይም በአንዱ ጫፉ “ታች” ይጻፍበት። በእጅ የተሠራ መሪ ከጫፍ እስከ መጀመሪያዋ ቀዳዳ ያለው ርቀት በሁለቱም በኩል እኩል የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጎን ቀጥ ብሎ፣ በሌላው ተዘቅዝቆ ከተበሳ መደርደሪያው ያዘማል። ማገላበጥ ካስፈለገ የመሪው ጀርባ ወደ ላይ ይምጣ እንጂ የታች ጫፉ ከታች አይነሣ።

መሪ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚያድን ቀላል ዘዴ አለ፦ ስፋቱን 74 ሚሊ ሜትር አድርጎ ረድፉን መሃል ላይ መብሳት። ያኔ ቀዳዳው ከሁለቱም ጠርዝ 37 ሚሊ ሜትር ይርቃል። መሪው ጭራሽ ሳይገለበጥ ከአራቱም ጠርዞች ጋር ይገጥማል።

መሪው ከጣውላው ካጠረ መጨረሻ የተበሳችው ቀዳዳ ውስጥ በመሪው በኩል ፒን ወይም የ5 ሚሊ ፑንታ ለስላሳ ጭራ ይሰካና መሪው ወደ ላይ ይገፋል። ፒኑ ከላላ በእያንዳንዱ ሽግግር ጥቂት ስሕተት ይጨመራል፤ ጠብ ጠብ እያለ ተጠራቅሞ ከላይ ሲደርስ ይታያል። ስለዚህ ፒኑ ጠበቅ ያለ ይሁን፤ በአራቱም ረድፍ ሽግግሩ በአንድ ቀዳዳ ላይ ይሁን። ሁለቱን ረድፍ ከታች፣ ሁለቱን ከላይ መጀመር ፈጽሞ አይገባም።

“የቀዳዳዎቹ ርቀት የግድ 32 ሚሊ ሜትር ነው”

የ32 ሚሊ ሜትር አሠራር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች የተስፋፋ ነው። የቀዳዳው ስፋት 5 ሚሊ ሜትር፣ የፊተኛው ረድፍ ከጠርዝ 37 ሚሊ ሜትር፣ በቀዳዳዎች መካከል 32 ሚሊ ሜትር። ጥቅሙ የበር ማጠፊያውና የመሳቢያው ሐዲድ በዚያው ረድፍ ላይ እንዲታሰሩ ነው። ፋብሪካ ሠራሽ ማጠፊያ የሚታሰርበት ቁምሳጥን ከሆነ መጠኑን መጠበቅ ይገባል። መደርደሪያ ብቻ ለሚቀመጥበት ግን 25፣ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ምንም አይጎዳውም፤ አራቱ ረድፎች እኩል ይሁኑ እንጂ።

“ከታች እስከ ላይ ሁሉም መበሳት አለበት”

1.8 ሜትር ቁመት ያለው ጎን በ32 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢበሳ በአንድ ረድፍ 56፣ በአራቱ 224 ቀዳዳ ይሆናል። አራት መደርደሪያ ለሚቀመጥበት፣ እያንዳንዱ ይውላል በተባለበት ቦታ ዙሪያ አምስት አምስት ቀዳዳ ይበቃል፤ ድምሩ 80 ነው። ከታችና ከላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሳይበሳ ቢቀር ማንም አይፈልገውም። የማያስፈልግ ቀዳዳ አቧራ ይሰበስባል፤ ዓይንም ያስቀይማል።

“ፑንታ ሁሉ አንድ ነው”

ለብረት መብሻ የተሠራ ፑንታ ጫፉ ደልደል ያለ ስለሆነ እንጨት ላይ ሲነካ ይንሸራተታል፤ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል። በተለበጠ ቺፕውድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ጣውላ) ላይ ደግሞ የቀዳዳውን አፍ ይሸራርፋል። የሚያስፈልገው መሃሉ ላይ ሹል፣ በዳር በዳሩ ሁለት ስለታም ጠርዝ ያለው የእንጨት ፑንታ ነው። ሹሉ ቦታ ይይዛል፤ ጠርዞቹ ልባጡን አስቀድመው ቆርጠው ይገባሉ። ትራፓኖው (ፑንታውን የሚያዞረው መሣሪያ) ከመንካቱ በፊት መዞር ይጀምር፤ ሲወጣም እየዞረ ይውጣ። ቆሞ የገባ ፑንታ ሲነሣ ልባጡን ይዞት ይነሣል።

መጠኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፒን በ5፣ በ6 እና በሩብ ኢንች (6.35 ሚሊ ሜትር) ይገኛል። ሩብ ኢንቹን በ6 ሚሊ ቀዳዳ በመዶሻ ማስገባት ጠርዙን ይሰነጥቃል፤ 5 ሚሊውን በ6 ሚሊ ቀዳዳ ማስገባት ፒኑን ያንጋድደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፒኑ ይገዛ፤ በእርሱ ልክ ፑንታው ይመረጥ፤ በፑንታው ልክ መሪው ይሠራ። ከዚያ በቁራጭ እንጨት ላይ ይሞከር። በጣት ግፊት የሚገባ፣ ሲገለበጥ የማይወድቅ ከሆነ ልኩ ነው።

“ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠምጥሞ ጥልቀቱን ማየት ይበቃል”

ለሦስት ቀዳዳ ይበቃል፤ ለ80 አይበቃም። ፕላስተሩ መሪውን በነካ ቁጥር ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ሠሪው ሳያስተውል ቀዳዳው እየጠለቀ ሄዶ በመጨረሻ ጣውላው በውጭ በኩል ይበሳል። ለ18 ሚሊ ሜትር ጣውላ 11፣ ለ16 ሚሊ ሜትር 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ተገቢ ነው። የፑንታው ሹል ከጠርዞቹ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚቀድም ልኬቱ ከሹሉ ጫፍ ይነሣ።

አስተማማኙ ማቆሚያ ቁራጭ እንጨት ነው። እንጨቱ በራሱ በፑንታው መሃል ለመሃል ይበሳና እንደ እጀ ጠባብ ይለበስለታል። ርዝመቱ ተቆርጦ ይስተካከላል። የመሪው ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር፣ የሚፈለገው ጥልቀት 11 ከሆነ ከቁራጩ በታች የሚወጣው ፑንታ 29 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁራጩ ወደ ላይ ሸሽቶ የትራፓኖውን አፍ ስለሚደገፍ አይንቀሳቀስም። ብናኙ ግን በየጊዜው ይጠረግ፤ በመሪው ላይ የተከመረ ብናኝ ማቆሚያውን ቀድሞ ያቆመውና ቀዳዳው ያጥራል፤ ከመሪው ሥር የገባ ደግሞ መሪውን ያነሣዋል።

“የተበሳ ላሜራም መሪ ይሆናል”

ላሜራ ቦታ ያመለክታል እንጂ አይመራም። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ፑንታው ወደ ጎን እንዳያዘነብል ሊይዘው አይችልም፤ ያዘነበለ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ፒን ደግሞ ወደ ታች ያጎነብሳል፣ መደርደሪያውም ይንሸራተታል። የመሪው ውፍረት ቢያንስ የፑንታው ስፋት ሦስት እጥፍ ይሁን። ለ5 ሚሊ ፑንታ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። 18 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ጠንካራ እንጨት ወይም ጥሩ ኮምፔንሳቶ (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተጣበቀ ጣውላ) ይስማማዋል።

የእንጨት መሪ ዕድሜ እንዳለው አይረሳ። ፑንታው በገባ ቁጥር ግድግዳውን ይልሰዋል፤ ከጥቂት ቁምሳጥን በኋላ ቀዳዳው ይሰፋና ፑንታው ይጨፍርበታል። ስለዚህ ሁለት መሪ መሥራት ይመከራል። አንዱ ዋና ሆኖ ይቀመጥ፤ በሥራ ላይ አይዋል። የሥራው መሪ ሲያረጅ ከዋናው ሌላ ይበሳል።

ዋናው ሲሠራ ልኬቱ ሁሉ ከአንድ ጫፍ ይነሣ፦ 40፣ 80፣ 120፣ 160 እያለ። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ 40፣ 40 እየተባለ ከተለካ በእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት በአሥረኛው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምልክቱ በእርሳስ ሳይሆን በቢላ ጫፍ ይጫር፤ መሃሉ በምስማር ጫፍ ይወጋ። ቢቻል የሚበሳው በቆመ መሰርሰሪያ ነው።

“ጊዜ የለም፣ እርጥቡም ይሁን፤ ቀዳዳው ቦታውን አይለቅም”

ይህኛው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያታልለው። እንጨት ሲደርቅ በጅማቱ ርዝመት እዚህ ግባ የሚባል መኮማተር የለውም፤ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። የቆመ የጎን ጣውላ ጅማቱ ወደ ላይ ስለሆነ የቀዳዳዎቹ ከፍታ በእርግጥም አይለወጥም። ግን ሁለት ሌላ ነገር ይለወጣል። ክቡ ቀዳዳ በወርዱ ጠቦ እንቁላል ይመስላል፤ በእርጥብነቱ ልክ የነበረው ፒን አልገባም ይላል። ከዚህ የሚብሰው ጣውላው ራሱ መጠምዘዙ ነው። ባሕር ዛፍ በዚህ የታወቀ ነው፤ እርጥቡን ተሠርቶ በጋ ሲገባ ይጠማዘዛል፤ ያን ጊዜ በትክክል የተበሱት አራት ቀዳዳዎች በአንድ ደረጃ ላይ መሆናቸው ይቀራል። ዋንዛ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ረጋ ያለና ለመብሳት የሚመች ነው፤ ቢሆንም እርሱም ይድረቅ።

በጎጃም ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በክረምት ይደርቃል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ጣውላው ከፀሐይና ከዝናብ ተከልሎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ይደርደር፤ ጫፎቹ ቀለም ይቀቡ፣ ቶሎ ደርቀው እንዳይሰነጠቁ። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ በሚዛን መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለሥራ ደርሷል።

“መደርደሪያ የሚወድቀው ፒኑ ሲሰበር ነው”

ማር የሚሸጥበት ሱቅ እንይ። ማር በሊትር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መደርደሪያ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው የአንድ ሊትር ጠርሙሶች በስምንት በሦስት ቢደረደሩ 24 ናቸው። ማሩ ብቻ ከ33 ኪሎ በላይ ነው፤ ከጠርሙሱ ጋር 40 ያልፋል። ለአራት ሲካፈል በአንድ ፒን ከ10 ኪሎ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፤ የ5 ሚሊ ብረት ፒን ይህን በቀላሉ ይሸከማል። የሚሸነፈው ጣውላው ነው። በተለይ ቺፕውድ ከወራት በኋላ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ጫፉ ከፒኑ ይሸሻል።

ጉብጠት ከርዝመት ጋር የሚያድገው በዝግታ አይደለም። በየሳንቲ ሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ ከ18 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ጥንካሬ ይገኛል። ስለዚህ ከባድ ነገር ለሚሸከም የ18 ሚሊ ቺፕውድ ከ60 ሳንቲ ሜትር አለማለፍ፣ ካለፈም ከፊት ጠርዙ ሥር 4 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ዘንግ በኮላና በቪቴ (በሚጠመዘዝ ምስማር) መግጠም ነው። ፒን መጨመር ጉብጠትን አያድንም። የመደርደሪያው ርዝመት ከውስጥ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይነስ፤ ከዚያ በላይ ካጠረ ፒኑ በጫፉ ብቻ ይይዘዋል።

“ከተገጣጠመ በኋላም ይበሳል”

ከነፑንታው ያለ ትራፓኖ ጠባብ ቁምሳጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ አዘንብሎ ይበሳል። ጎኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተኝተው ሳሉ ይበሱ። ቫርኒሽ ቀዳዳውን ካጠበበው ፑንታውን በእጅ አንድ ጊዜ ማዞር ይበቃዋል።

“አንዴ የተሳሳተ ቀዳዳ መድኃኒት የለውም፣ ወረቀት መጠቅጠቅ ነው”

የሚንቀጠቀጠው መደርደሪያ በየማዕዘኑ ወረቀት ይሞከርለት፤ ወረቀቱ ያለ ግፊት የሚያልፍበት ማዕዘን ፒኑ ዝቅ ያለበት ነው። ያቺን ቀዳዳ በ5 ሚሊ ሜትር ክብ እንጨት በኮላ መድፈን፣ አንድ ቀን ማሳደር፣ የተረፈውን በመሮ ከገጹ ጋር አስተካክሎ ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ቁምሳጥኑ የሚፈታ ከሆነ ጎኑን አውርዶ መሪውን እንደገና ከታች ጫፍ ማስነሣት ነው። የማይፈታ ከሆነ መሪውን በታችኛዋ ትክክለኛ ቀዳዳ ላይ በፒን ይዞ፣ በሞርሴቶ (ተጠምዝዞ በሚጠብቅ መያዣ) አጥብቆ፣ አጭር አፍ ባለው ትራፓኖ ቀስ ብሎ መብሳት። ድፍኑ ከዙሪያው እንጨት ስለሚጠነክር ፑንታው ወደ ለስላሳው ሊሸሽ ይሞክራል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ታስሮ ይቆይ።