ባፕቲስት ፓስተር «ኢኩሜኒካል ነኝ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ «ሃይማኖት ሊቀላቅል ነው»። አይደለም። እንዲህ ያለው ፓስተር ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር አብሮ ይጸልያል፣ አብሮ ይሠራል፤ የራሱን እምነት ግን አይተውም።

አስቸጋሪው ጥምቀት ነው። ባፕቲስቶች የሚያጠምቁት አምኖ የመሰከረን ሰው ነው፤ ያውም ውኃ ውስጥ በማጥለቅ። ታዲያ በ40 ቀኑ ጣና ዳር ጊዮርጊስ ክርስትና የተነሣ ሰው ከጌታ እራት ይካፈላል? አንዳንዱ ጉባኤ አምኖ ካልተጠመቀ አይፈቅድለትም፤ ሌላው በክርስቶስ የሚያምን ሁሉ ይምጣ ይላል። ሁለቱም ባፕቲስት ናቸው። እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ስለሚያስተዳድር ከላይ የሚያዝዝ ጳጳስ የለም፤ ስለዚህ የአንዱን ፓስተር አቋም የሁሉም አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው። ተዋሕዶ በበኩሏ ቁርባኗን ለራሷና በእምነት አንድ ለሆኑ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ብቻ ትሰጣለች፤ ይህን እንደ ንቀት መቁጠር በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው።

ደግሞም ተዋሕዶ ለዚህ ኅብረት እንግዳ አይደለችም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 አምስተርዳም ላይ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ትልቁ የአሜሪካ ባፕቲስቶች ኅብረት ግን አባል አልሆነም።