የጀርመን ሕግ የሚከለክለው ምኑን ነው?

ሰዎች በቤታቸው የሚሠሩት የሥነ ሕይወት (ባዮሎጂ) ሙከራ በተነሣ ቁጥር «ጀርመን ውስጥ ክልክል ነው» የሚለው አነጋገር ስለሚያደናግር፣ ነጥቡን ለይቶ ማየት ይበጃል። ሕጉ የሚከለክለው ዲኤንኤን (ዘረ መል የተሠራበትን ንጥረ ነገር) መንካት ሳይሆን፣ ፈቃድ ካለው ወይም በባለሥልጣን ከተመዘገበ ቤተ ሙከራ ውጭ የሕያው ነገርን ዘረ መል መለወጥን ነው።

እንጆሪ ጨፍልቀው በጨውና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው ካጠለሉት በኋላ ቀዝቃዛ አልኮል ቀስ አድርገው ቢያፈሱበት፣ ዲኤንኤው እንደ ነጭ ክር ተንሳፍፎ ይታያል፤ የተለወጠ ፍጡር ስለሌለ፣ ይህ በማንኛውም ማድ ቤት ሊሠራ ይችላል። ያው ሰው ጄሊፊሽ ከሚባለው የባሕር እንስሳ የተገኘውን አረንጓዴ የሚያበራ ጂን (ዘረ መል) ምንም ጉዳት በሌለው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ቢያስገባ ግን እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ብዙዎችን የሚያሳስተው «ጉዳት የለውም» የሚለው ቃል ይመስለኛል፤ ባክቴሪያው ማንንም ባያሳምምም፣ ሕጉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሥራው የት እንደተሠራ ነው።

ከጀርመን ውጭ ደንቡ ይለያያል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ አጠቃላይ የፌዴራል ክልከላ የለም፤ ሆኖም ሰው በራሱ ላይ የሚሞክረውን የጂን ሕክምና ዕቃ መሸጥ ሕገ ወጥ መሆኑን የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቋል።