ቤዝቦል ላይ ራኑ (ነጥቡ) የሚጻፈው ለማን ነው?

ቤዝቦል ማየት የጀመረ ሰው ሰንጠረዡ ላይ መጀመሪያ የሚምታታበት ይሄ ነው። ኳሷን የመታው ሌላ፣ ራን የተጻፈለት ሌላ! ስህተት ግን አይደለም። ራን የሚመዘገበው ሦስቱን ቤዝ (ሯጭ የሚያርፍባቸውን የሜዳ ማዕዘኖች) ዞሮ ተመልሶ ሆም ፕሌትን፣ ማለትም መቺው የሚመታበትን ቦታ፣ ለረገጠው ሯጭ ነው። በምቱ ያስገባው ሰው አር ቢ አይ የሚባል የራሱ ዓምድ አለው።

በምሳሌ እንየው። ወርዋሪው አራት ኳስ ስለሳተበት አንዱ መቺ በነፃ አንደኛ ቤዝ ሄደ፣ ሁለተኛውን ሰረቀ (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ያዘው)፣ ከዚያ ጓደኛው ኳሷን ሜዳው መሃል ሲጥላት እግሬ አውጪኝ ብሎ ገባ። ምንም ሳይመታ ራኑ የሱ ነው፤ አር ቢ አዩ የጓደኛው። ሯጩ ቤዝ ላይ ቆሞ በሌላ ቢቀየርስ? ራኑ ለተቀያሪው ይጻፋል፣ ቤዝ ላይ የደረሰው ሰውዬ ባዶ እጁን ይቀራል (እኔ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል)። ሆም ራን (መቺው በራሱ ምት ሁሉንም ቤዝ ዞሮ የሚገባበት) ከሆነ ግን መቺው ራሱንም ስላስገባ ሁለቱንም ይወስዳል።

ስለዚህ የራን መሪዎቹ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚመቱ ፈጣኖች ናቸው፣ ከኋላቸው ጥሩ መቺ ያላቸው። በ2023 አትላንታ ብሬቭስን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ የሚመታው ሮናልድ አኩኛ 73 ቤዝ ሰርቆ በ149 ራን ሊጉን መራ፤ በአር ቢ አይ የመራው ደግሞ እዚያው ቡድን ውስጥ ከሱ በኋላ የሚመታው ማት ኦልሰን ነበር፣ በ139።